የድንጋዩን ሥዕል አትርገጡት፣ ቦታውንም አትለጥፉት

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሲድኒ የምንኖር ሐበሾች ቅዳሜና እሁድ ልጆቻችንን ይዘን ጫካ መውጣት ለምደናል። ደስ ይላል። ግን የምንረግጠውን እንወቅ።

ሲድኒ አጠገብ ባሉት በኩሪንጋይ ቼዝና በብሪዝበን ዋተር ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ መሬቱ ላይ እንደ ሰሌን የተዘረጋ ሰፊ የአሸዋ ድንጋይ አለ። እዚያ ላይ አቦርጂኖች (የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች) የቀረጿቸው ካንጋሮዎች፣ ዓሦች፣ ዓሣ ነባሪዎች፣ ሰዎችና ጋሻዎች ይታያሉ። አሠራሩ ይገርማል። መጀመሪያ በሹል ጠንካራ ድንጋይ ነጥብ ነጥብ አድርገው ይወቅሩታል፣ ከዚያ ነጥቦቹን እየፈገፈጉ ያገናኙና አንድ ወጥ መስመር ያወጡታል። መስመሩ ሲደበዝዝም ተመልሰው ያድሱት ነበር። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1788 መጥተው ሰፈሩ፤ በዓመቱ ፈንጣጣ ገብቶ የአካባቢውን ሕዝብ ፈጀው፤ እድሳቱም በብዙ ቦታ ተቋረጠ። የልጅ ልጆቻቸው ግን ዛሬም አሉ፣ ቦታዎቹም ቅርሶቻቸው ናቸው።

የአሸዋ ድንጋይ ጠንካራ ይመስላል እንጂ ቶሎ ይበላል። ጫማ ይበላዋል፣ የብስክሌት ጎማ ይበላዋል። ፎቶ እንዲያምር ብለው መስመሩን በጠመኔ የሚያደምቁም አሉ፤ እባካችሁ ይቅር! በማለዳ ወይም ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሂዱ፣ ብርሃኑ በጎን ሲመታው ሥዕሉ ራሱ ጎልቶ ይወጣል። እኛ ጫማችንን አውልቀን ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የምንገባ ሰዎች ስለሆንን ይህን ለማስረዳት ብዙ ማውራት ያለብኝ አይመስለኝም። ደግሞም የኒው ሳውዝ ዌልስ ሕግ እነዚህን ቅርሶች ማበላሸትን ወንጀል አድርጎታል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ፎቶውን ከነቦታው የምንለጥፍበት ስልካችን ነው። ብዙዎቹ ቦታዎች አጥርም ጠባቂም የላቸውም፣ የሚያውቃቸው ሰው ማነሱ ነው እስከ ዛሬ ያቆያቸው። ደቡብ አውስትራሊያ ኩናልዳ ዋሻ ውስጥ 22,000 ዓመት ገደማ የሆናቸው በጣት የተሠሩ መስመሮች አሉ። ዋሻው ታጥሮ ሳለ ሰዎች በአጥሩ ሥር ሾልከው ገብተው ጽሑፍ ጫሩባቸው፤ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2022 ተሰማ። ግድግዳው ለስላሳ ስለሆነ ጽሑፉን አጥፍቶ የድሮውን መመለስ አይቻልም። ታጥሮም እንዲህ ከሆነ፣ ያልታጠረውን ከነካርታው ቲክቶክ ላይ መለጠፍ ምን ይባላል?

ልጆቻችሁን ማሳየት ከፈለጋችሁ ኩሪንጋይ ቼዝ ውስጥ ቤዚን ትራክ የሚባል የእግር መንገድ አለ፣ ብሪዝበን ዋተር ውስጥ ደግሞ ቡልጋንድሪ አለ። ለጎብኚ የተዘጋጁ ናቸው፤ ቡልጋንድሪ ላይ የእንጨት መራመጃም ተሠርቷል። የሰንበት ትምህርት ቤትና የማኅበር ጉዞ የምታዘጋጁ ደግሞ አቦርጂን አስጎብኚ ቅጠሩ፣ ገንዘቡንም ሳትከራከሩ ክፈሉ። ጋዜጣችሁም ፎቶዎቹን ስታወጡ፣ ለጎብኚ ያልተከፈተ ቦታ ከሆነ የት እንደሆነ አትጻፉ።

ከሲድኒ፣ አንባቢያችሁ