ለልጄ፦ የሥራ መልቀቂያሽን ከመጻፍሽ በፊት

ሐዋሳ፣ ኅዳር

ለተወደድሽው ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ አባትሽም ጉልበቱ ተሽሎት ማለዳ ማለዳ እስከ ሐይቁ ዳር በእግሩ መሄድ ጀምሯል። የላክሽልኝን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። የባንክ ሥራሽን ትተሽ ቀሪ ዘመንሽን ለዱር እንስሳትና ለተፈጥሮ ጥበቃ ለመስጠት እንዳሰብሽ፣ ሙያውን ስላልተማርሽ ግን በየትኛው በር እንደሚገባ እንደማታውቂ ጽፈሽልኛል። በስልክ ልመልስልሽ አልፈለግሁም፤ ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማረች እናት ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ቁጭ ብላ፣ አስባ መጻፍ ይገባታል።

ሐሳብሽን አልቃወምም፤ እንዲያውም ልቤን አሙቆታል። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ መልቀቂያ ከመጻፍሽ በፊት አንድ ቦታ ምረጪና ዓመቱን ሙሉ ወደዚያው ቦታ እየተመለስሽ ያየሽውን ቁጠሪ፣ ጻፊ። ይህን ለምን እንደምልሽ እንድትረጂኝ የራሴን ጥፋት ልንገርሽ።

አንቺ ገና አራተኛ ክፍል ሳለሽ፣ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ኃላፊ ነበርሁ። አንድ ሐምሌ ተማሪዎቹን ይዘን ከከተማው ወጣ ባለ ተዳፋት ላይ ብዙ መቶ ችግኝ ተከልን፤ ፎቶግራፍ ተነሣን፣ ሪፖርት ተጻፈ፣ እኔም የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ሪፖርቱ የተተከለውን ቁጥር እንጂ የጸደቀውን የሚጠይቅ መስመር አልነበረውም። ጥር ላይ በሌላ ጉዳይ በዚያ ሳልፍ ቆም ብዬ ብፈልግ፣ በሕይወት ያገኘኋቸው በሁለት እጆቼ ጣቶች የሚቆጠሩ ነበሩ። ፍየል የጋጣቸው፣ ፀሐይ ያደረቃቸው፣ ከነፕላስቲካቸው የተቀበሩም ነበሩባቸው። እጅግ ያሳፈረኝ ግን የችግኞቹ መድረቅ ሳይሆን፣ ስድስት ወር ሙሉ ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ ሄዶ አለማየቱ፣ ከሁሉም በፊት እኔ ራሴ አለመሄዴ ነው። ከዚያ ጊዜ ወዲህ አንድ ነገር ተከልሁ ወይም አዳንሁ የሚለኝን ሰው ሁሉ፣ መቼ ተመልሰህ አየኸው ብዬ እጠይቃለሁ።

አሁን ደግሞ ወደ ሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ልውሰድሽ። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶውንና አምባዛውን አጽድተው ሆድ ዕቃውን ሲጥሉ የሚሻሙትን ረጃጅም አባ ኮዳዎች በልጅነትሽ ትፈሪያቸው እንደነበር ታስታውሻለሽ። እንግዳ ሁሉ ፎቶግራፍ የሚያነሣው እነሱን ነው። በእግራቸው መካከል ግን ፊቷ መላጣ፣ ከእነሱ በብዙ የምታንስ ቡናማ ጥንብ አንሣ አለች፤ እሷን ልብ የሚል የለም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ይህችን ወፍ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ መድቧታል። በአፍሪካ ጥንብ አንሣዎችን ከሚፈጁት ነገሮች ዋነኛው መርዝ ነው፤ ለጅብ ወይም ለባዘነ ውሻ ተብሎ የተመረዘ ሥጋ በተጣለ ቁጥር፣ በሬሳው ላይ የሚያርፉት አሞራዎች አብረው ያልቃሉ። እኛ የሐዋሳ ሰዎች በየቀኑ ስለምናያት ብርቅ አትመስለንም። ቁጥሯ በእኛ ዘንድ በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ ቢጎድል ማን ያውቃል? በየቀኑ የሚያይ ዓይን ጉድለቱን ይለምደዋል። አንቺ የሒሳብ ሰው ስለሆንሽ ይህ ከእኔ ይልቅ ይገባሻል፤ ዓመቱ ሲጀምር በካዝናው ውስጥ ስንት እንደነበረ ካልተጻፈ፣ በመጨረሻው የጎደለው በምን ይታወቃል?

ለዚህ ነው የውኃ ወፎች ቆጠራን እንደ መግቢያ በር የማሳይሽ። ቆጠራው በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ በጥር ወር የሚካሄድ ሲሆን፣ በአገራችን የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ሲያስተባብረው ቆይቷል። ይህ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተ ነው፤ አንቺ በምትኖሪበት በአዲስ አበባ ስለሚገኝ ሄደሽ አባል መሆን ትችያለሽ። ጥር የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ወፎች ከመስከረም ጀምሮ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ይደርሳሉ፤ በጥር መንገዳቸውን ጨርሰው ስለሚያርፉ አንዱን መንጋ ሁለት ቦታ የመቁጠር ስሕተት ይቀንሳል። ብዙዎች ቆጠራ የሊቅ ሥራ ይመስላቸዋል፤ ሥራው ግን የሚጠይቀው ትዕግሥትን ነው። ጎሕ ሲቀድ ትወጫለሽ፤ የሐይቁ ዳር ተከፋፍሎ የአንቺ ድርሻ ይታወቃል። መንጋው ብዙ ከሆነ በመጀመሪያ አሥር ወፍ ቆጥረሽ አሥሩ የሚይዙትን ስፋት በዓይንሽ ትለኪያለሽ፤ ከዚያ ያ ስፋት በመንጋው ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገባ ታሰያለሽ። ያየሽውን እንደምትጽፊ ሁሉ ያላየሽውንም ፈልገሽ አለማግኘትሽን ትጽፊያለሽ። ባዶ መስመር ዝም ያለ ነው፤ ዜሮ ግን ይናገራል። ላየሽው ወፍ እርግጠኛ ካልሆንሽ ደግሞ ስሙን ከመገመት ይልቅ «ያልታወቀ ዳክዬ» ብሎ መተው የተሻለ ነው፤ ተማሪዎቼን ይህን ማስለመድ ከሁሉ ይበልጥ ከብዶኝ ነበር።

ወፍ መቁጠር ወፍ ዘንድ ብቻ እንደማይቆምም ቆይተሽ ታይዋለሽ። የሐዋሳ ሐይቅ ከጥቁር ውኃ ወንዝ ይቀበላል እንጂ በምድር ላይ የሚፈስ መውጫ የለውም፤ ስለዚህ የገባበት ደለል፣ ማዳበሪያ፣ ፌስታልና ሃይላንድ በአብዛኛው እዚያው ይቀራል። ከወንዶ ገነት ተራሮች የሚወርዱት ጅረቶች ወደ ሐይቁ ከመድረሳቸው በፊት ደለላቸውን የሚያራግፉት በጨለለቃ ረግረግ ነበር። በቀድሞ ካርታዎች ላይ ጨለለቃ ራሱ ሐይቅ ነው፤ ዛሬ ውኃው ሸሽቶ ሣርና ከብት የሚታይበት ረግረግ ሆኗል። እንግዲህ በሐይቁ ዳር የሆነ ዳክዬ ጎድሎ ስታገኚው መልሱ ላይኛው አገር ተዳፋት ላይ፣ በአንድ ገበሬ እርሻ ጠርዝ ሊሆን ይችላል። ወንዶ ገነት ያለው የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ ለብዙ ዓመታት ባለሙያ ሲያፈራ የኖረው ይህን ሁሉ በአንድነት እንዲያዩት ነው፤ ወደፊት ትምህርቱን በወጉ ልማረው ብትይ የማሳይሽ እሱን ነው።

ገበሬውን አንሥቻለሁና፣ ሁልጊዜ የሚያስጨንቀኝን ልጻፍልሽ። ከሻሸመኔ ወደ ሃላባ በሚወስደው መንገድ ከአጄ ገባ ብሎ ያለውን የሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ አብረን አይተነዋል። ያ የቆርኬ ዝርያ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይገኝም፤ ቀድሞ በሶማሊያ ምድር የነበረው ጠፍቷል። መጠለያው ሲከለል የአካባቢው ሰዎች ከግጦሽ መሬታቸው ተነሥተዋል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ጠባቂ ሲታጣ ቆርኬዎቹ ክፉኛ አለቁ፤ ከዚያ ወዲህ ያገገሙትም በመቶዎች የሚቆጠሩ ብቻ ናቸው። ጎረቤቱ የራሴ ነው ያላለውን አጥር ብቻውን አይጠብቀውም። ባሌ ላይ ደግሞ ሌላውን ገጽታ አያለሁ። በዓለም ላይ ከአምስት መቶ የማይበልጡ አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ቀርተዋል፤ ከግማሽ የሚበልጡት ያሉት በባሌ ተራሮች ነው። የሚጨርሳቸው ከቤት ውሻ የሚጋባባቸው የእብድ ውሻ በሽታ ስለሆነ፣ ቀበሮውን ለማዳን የተሰለፉት ሠራተኞች ዋና ሥራቸው በየመንደሩ እየዞሩ የገበሬውን ውሻ መከተብ ሆኗል። ይህ ሥራ ከመድኃኒቱ እኩል የሰው ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ በትሕትና ማነጋገር ይፈልጋል፤ አንቺ ደግሞ ባንክ መስኮት ላይ የተቆጣ ደንበኛ ማብረድ ታውቂበታለሽ።

እዚሁ በደጃችንም ሲዳማዎች ፊቼ ጨምበላላን ሲያከብሩ፣ ሽማግሌዎቹ ወጣቱን ከስርቆትና ከሐሰት ምስክርነት እንዲርቅ በሚመክሩበት አፍ አገር በቀል ዛፍ እንዳይቆርጥም ይመክራሉ። ዩኔስኮ በዓሉን በ2015 እ.ኤ.አ. ሲመዘግብ ይህንኑ ምክር ጠቅሶታል። የትም ብትሄጂ ለማስተማር ከመቸኮልሽ በፊት፣ በዚያ አገር ሰው ምን ሲጠብቅ እንደኖረ ጠይቂ።

የአዲስ አበባሽን ነገር ካነሣን፣ ለመጀመሪያው ዓመት ገፈርሳን ብትመርጪ ደስ ይለኛል። በአምቦ መንገድ ቅርብ ነው፤ ከግድቡ ዳር ሰማያዊ ክንፏን ዝይ ታገኛለሽ፣ እሷም የኢትዮጵያ ብቻ ናት። በወር ሁለት ቅዳሜ ይበቃል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የአየሩን ጠባይና የውኃውን ከፍታ ጻፊ፤ አንድ ሳምንት ቢያመልጥሽ አመለጠኝ ብለሽ ጻፊ እንጂ በኋላ በግምት አትሙይ። ዓመቱ ሲሞላ ደብተሩን ይዘሽ ወደ ማኅበሩ ሂጂ። ያን ጊዜም ሥራሽን ልልቀቅ ብትይ ከጎንሽ ነኝ፤ አባትሽንም እኔ አነጋግረዋለሁ።

እስከዚያው ለጥምቀት ስትመጪ ሁለት ሦስት ቀን ጨምረሽ ፈቃድ ጠይቂ። ከአሞራ ገደል ጀምሮ በስተደቡብ ያለውን ዳር ሁለታችን እንቆጥራለን፤ ባይኖኩላሩን አባትሽ አስጠግኖታል። ዳሩ ጭቃ ስለሆነ ቡትስ ጫማ ይዘሽ ነይ፤ የእኔው ለእግርሽ ይጠብሻል።

እናትሽ