ልጆቻችንንና አረጋውያኖቻችንን ወደ ኩበር ፒዲ እንውሰድ፦ የድጋፍ ጥሪ

በአዴላይድና በአካባቢዋ ለምትገኙ ወገኖቻችን በሙሉ፣

ባለፈው ወር በቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት ላይ አንዲት የደላንታ እናታችን በመሐረብ ጫፍ ቋጥረው ያቆዩትን ኦፓል የተባለ የከበረ ድንጋይ ለልጆቹ አሳዩ። ድንጋዩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንዱ ልጅ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ከተተው። ትምህርቱ ሲያልቅ ቀዩም አረንጓዴውም ጠፍቶ ነበር። ልጁ «አበላሸሁት» ብሎ አለቀሰ። እሳቸው ግን «አይዞህ የኔ ልጅ፣ የወሎ ኦፓል ውኃ ይጠጣል፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል» አሉት። በሳምንቱ ይዘውት መጡ፤ እውነትም ተመልሷል።

ከዚያ ወዲህ ልጆቹ የሚጠይቁን የዚህን አገር፣ የአውስትራሊያን ኦፓል ነው። እሱ ውኃ አይጠጣም። ሄደው በዓይናቸው ይዩት ብለን ተነስተናል።

ኩበር ፒዲ ከእኛ በስተሰሜን 850 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እ.ኤ.አ. በ1915 ከአባቱ ጋር ወርቅ ፍለጋ የወጣው የ14 ዓመቱ ዊሊ ሀቺሰን ኦፓል ያገኘባት በረሃ፣ ዛሬ ከቁፋሮው ሌላ በጎብኚ የምትኖር ከተማ ናት። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ብዙው ነዋሪ ቤቱን ከመሬት በታች ፈልፍሏል። ሰርቦች እንዲሁ ፈልፍለው የሠሩት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም አለ። በጥበብም በዕድሜም ከላሊበላ ጋር አይወዳደርም፤ ላሊበላን በፎቶ ብቻ ለሚያውቅ ልጅ ግን ፍልፍሉ ውስጥ ቆሞ ቀና ብሎ ጣሪያውን ማየት ትልቅ ነገር ነው። ጎብኚ ከተጣለው አፈር ኦፓል የሚለቅምበት ቦታም አለ።

«አረጋውያኑ ይቅሩና ወጪው ይቀንስ» ያሉ አሉ። እኔ አልተስማማሁም። በደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል ከተገኘበት ከእ.ኤ.አ. 2008 ወዲህ የወገኖቻችን ልጆች ገደል እየፈለፈሉ ያወጣሉ፤ ናዳም ይወስዳቸዋል። እናታችን ስለ ጉዞው ሲሰሙ መጀመሪያ የጠየቁት «እዚያስ ጣሪያውን በምን ደግፈውት ይሆን?» ብለው ነው። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ከልጆቹ ጎን መኖር አለበት።

በጁላይ የትምህርት ቤት እረፍት 28 ልጆችና 12 አዋቂዎች ለሦስት ቀን እንሄዳለን። ለአውቶቡስ፣ ለሁለት ሌሊት ማደሪያና ለመግቢያ 9,000 ዶላር ያስፈልጋል። ወላጆች 5,400 አዋጥተዋል፤ የቀረው 3,600 ነው። 90 ዶላር የአንድ ተጓዥ ጉድለት ይሸፍናል፤ 10 ዶላርም በደስታ እንቀበላለን። ገንዘብ ያልተመቻችሁ ለመንገድ ድፎ ዳቦና ቆሎ፣ ወይም ብርድ ልብስ አምጡልን፤ የበረሃው ሌሊት በጁላይ ይበርዳል። በየቦታው ክፍት የቀሩ የድሮ ጉድጓዶች ስላሉ ለየአምስቱ ልጅ አንድ አዋቂ መድበናል፤ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ያላችሁ አብራችሁን ብትሄዱ ውለታችሁን አንረሳም።

የአውቶቡሱ ቀብድ እስከ ጁን 15 መከፈል አለበት። ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ለወላጆች ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ስጡ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ። የሚተርፍ ካለ ለልጆቹ የአማርኛ መጻሕፍት ይገዛበታል፤ ሂሳቡንም ከጉዞው መልስ በጉባኤ እናነባለን።