ገደል የጣልነው ባሌስትራ

ይድረስ ለምወድህ ወንድምዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ከረምክ? እማማስ፣ ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴ ከልቤ ያሳዝነኛል። ይቅር በለኝ።

የምማረው ብረት እንዴት እንደሚሸከምና ለምን እንደሚሰበር ነው። ሰሞኑን ላብራቶሪ ውስጥ የተሰበረ አክስል ሰጡን። ስብራቱን በማጉያ መነጽር ሳየው ትዝ ያልከኝ አንተ ነህ። ዓባይ በረሃ የአይሱዙህ ባሌስትራ፣ ያ ጭነቱን የሚሸከመው ተጣጣፊ ብረት፣ የተሰበረ ቀን! ጭነቱ ግማሽ እንኳ አልሞላም ነበር። ባሌስትራውን የሸጠልንን ሰውዬ ስንት አማነው።

አሁን ሳስበው ስብራቱ ያን ቀን የጀመረ አይመስለኝም። ሽቦ ጎትተህ መበጠስ ያቅትሃል፤ ወዲያ ወዲህ ስታጥፈው ግን ይቆረጣል። ባሌስትራም በየጉድጓዱ ይታጠፋል፣ ይመለሳል። ጭረት ወይም ዝገት ካለበት ቦታ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ትነሳለች። በየጉዞው ትንሽ ትንሽ ትገፋለች። የተረፈው ብረት መሸከም ሲያቅተው በአንዴ ጓ ይላል። የብረት ድካም ይሉታል።

በ1954 እ.ኤ.አ. ኮሜት የሚባሉ ሁለት የእንግሊዝ ጄቶች በሦስት ወር ልዩነት ጣሊያን አጠገብ ባሕር ላይ ወደቁ። 56 ሰው አለቀ። መርማሪዎቹ የሌላ ኮሜት አካል ውኃ ገንዳ ውስጥ ከተቱ። እንደሚበር አስመስለው የውስጡን ግፊት ደጋግመው ከፍ ዝቅ አደረጉት። ከቀድሞ በረራዎቹ ጋር ተደምሮ 3,000 ገደማ በረራ ሲሞላ በመስኮት ጥግ በኩል ተቀደደ። ይህን ባነበብኩ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እነዚያ መንገደኞች የተሳፈሩት ደህና በሚመስል አውሮፕላን ነበር።

እኔን የማረከኝ ስብራቱ ታሪኩን ይዞ መቅረቱ ነው። ስንጥቋ ቀስ ብላ የሄደችበት ለስላሳ ነው፤ ብዙ ጊዜ እንደ ግንድ ቀለበት የተደረደሩ መስመሮች ይታዩበታል። እነሱን ወደ ኋላ ስትከተል መነሻዋ ጋ ትደርሳለህ። መጨረሻ ላይ በአንዴ የተቀደደው ሻካራ ነው። እኛ ግን ያን ባሌስትራ ሳናየው ገደል ወረወርነው። ሻጩ በድሎን እንደሆነ ስብራቱ ያኔውኑ ይነግረን ነበር!

እባክህ፣ ሌላ ጊዜ ከተሰበረ አታስበይደው። የብየዳው ሙቀት ያደርቀዋል፣ እዚያው አጠገብ ይሰበርብሃል። አዲስ ቀይር። የተሰበረውን ግን እንዳትጥል። ሁለቱን ስብራት አታጋጥማቸው፣ መስመሮቹ ይፋቃሉ። ዘይት ነካ አድርገህ በጨርቅ ጠቅልልልኝ። ለጥምቀት ስመጣ ማጉያ መነጽሬን ይዤ እመጣለሁ።

ናፋቂ ወንድምህ