ከሽሮው ሥር ያለ ደብዳቤ

ባሕር ዳር፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ሳቅሽ አይደል? ልጆች ሳለን የሰፈሩን እናቶች ደብዳቤ ስንጽፍ ሁልጊዜ በዚህ ነበር የምንጀምረው። "ከናፍቆትሽ በቀር" የምትለዋን የጨመርሽው አንቺ ነሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዛሬም ከእሷ የተሻለ መግቢያ አጣሁ። ሁለት ዓመት ዝም ያለ ሰው በምን ይጀምራል?

ሰበብ አላጣም። በ2015 ክረምት ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ልጽፍልሽ ያሰብኩት ሁሉ ሆዴ ውስጥ ቀረ። ወራት አለፉ። ሲለቀቅ መልእክትሽ ተደርድሮ ጠበቀኝ። "ደህና ናችሁ ወይ?" ይላል የመጀመሪያው። ነገ ረጋ ብዬ እመልሳለሁ አልኩ። ነገ ሲያልፍ አፈርኩ። ሳፍር ደግሞ ይብስ ቆየሁ። ስለዚህ ኔትወርኩን አንማው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ዝምታ የራሴ ነው።

ይሄን በወረቀት የምጽፍልሽ ወደ ጀርመን የሚመጣ ሰው ስለተገኘ ነው። እናትሽ ሽሮና በርበሬ ልካለች። ደብዳቤው ከሽሮው ሥር ነው። ቅመም ቅመም ቢልሽ ይቅርታ።

አዎ፣ እናትሽ ጋ ሄጄ ነበር። እንዴት እንደሄድኩ ነው ጉዱ።

ሰንበት ትምህርት ቤታችን በየክረምቱ ወደ ገጠር አጥቢያዎች ሐዋርያዊ ጉዞ እንደሚወጣ ታውቂያለሽ። አንቺ ከበሮውን ቤት ረስተሽ በጀሪካን ያዘመርሽንን ጉዞ እስካሁን ይተርኩታል። ዘንድሮ ግን መንገዱ አላስተማመነንም። ወላጆችም እንቢ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ኮሚቴው ሊሰርዘው ሲል አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣና "እዚሁ ብንጓዝስ?" አለ። ሳቅንበት። ትንሽ ቆይተን ግን የሚስቅ ጠፋ።

እናም የሐዋርያት ጾም ሊፈታ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ 24 ሆነን ፍራሻችንን ተሸክመን አዳራሹ ውስጥ ገባን። አምስት ቀን እዚያው እያደርን ባሕር ዳርን እንደ ሩቅ አገር ልናገለግል። የእኔ ቤት ከአዳራሹ አሥር ደቂቃ ነው። እናቴ "በሰላም ግቢ" ብላ መርቃ ሸኘችኝ። ማታ ፎጣ ረሳሽ ብላ ራሷ ይዛልኝ መጣች።

ጌታ ሰባ ሁለቱን አርድእት ሁለት ሁለት አድርጎ እንደላካቸው እኛም ጥንድ ጥንድ ሆነን ተመደብን። ኮረጆ አትያዙ የሚለውን ከስልክ ቻርጀር በቀር ጠበቅን ማለት ይቻላል። በመንገድ ለማንም ሰላምታ አትስጡ የሚለውን ግን ባሕር ዳር ላይ ማን ይችለዋል? ከጊዮርጊስ ተነስተን ግሽ ዓባይ ገበያ እስክንደርስ ስንት "እንዴት ዋላችሁ" እንዳለፈ እኔም አላውቅ።

የመጀመሪያው ቀን ሐይቁ ዳር ነበር። ልጆቹ እንቦጭ እንነቅላለን ብለው ቦቲ ተውሰው መጡ። እንቦጩ የከፋው ግን በፎገራና በደንቢያ በኩል ነው። እኛ በደረስንበት ዳርቻ ያገኘነው ባዶ ሃይላንድና ፌስታል ነው፤ ያውም ስንቱ! ጆንያ ሞላን፣ ሌላ ጆንያ ፍለጋ ሰው ላክን። አንድ ሰውዬ ደንገል በጫነ ታንኳ ላይ ሆኖ ሲያየን ቆየና "ነገስ ትመጣላችሁ?" አለን። አልመጣንም። መርሐ ግብሩ ለነገ የሚለው ሆስፒታል ነበር።

ሆስፒታል ብርቱካንና መዝሙር ይዘን ሄድን። አንድ አልጋ ዙሪያ አሥር ሰው ቆሞ ሲዘምር ምን እንደሚመስል አንቺ ታውቂዋለሽ። ሁለተኛውን መዝሙር ስንጀምር አንድ ከገጠር የመጣ አባት እጄን ነካ አድርጎ ወረቀት ዘረጋልኝ። "ልጄ፣ ይቺን ወዴት ነው የምወስዳት?" አለኝ። ራጅ ክፍል ነው የምትለው። ይዤው ሄድኩ። ስመለስ ሌላ ሁለት አስታማሚ ወረቀት ይዞ ይጠብቀኛል። ከዚያ መዝሙሩን ተውነውና ቀኑን ሙሉ ካርድ ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲ ስናደርስ፣ ወረፋ ስንይዝ ዋልን። ብርቱካኑን ግን ወደውታል።

ደም ልንሰጥም አስበን ነበር። ጾም ላይ መሆናችንን ማን አስታወሰ! ነርሷ "በልታችኋል?" ስትል ሁላችንም መሬት መሬት አየን። "በልታችሁ ተመለሱ" አለችን። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሽሯችንን በልተን ተመለስን። 18 ዓመት የሞላው፣ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ሰው ነው የሚፈቀድለት። ያ ቀጫጫ ከበሮ መቺያችን 44 መጣ። ስልኩን፣ የቤቱን ቁልፍና ሳንቲሙን ኪሱ ከትቶ እንደገና ሚዛኑ ላይ ወጣ። ነርሷ ዝም ብላ አየችውና "ጫማህንም አውልቅ" አለችው። እስከ ዛሬ "44" ነው የሚባለው።

ፎቶ ጉዳይ ላይ ደግሞ ተጣላን። ሥራ አመራሩ ለሪፖርት ይፈልጋል። አንዱ ልጅ ብርቱካን ሲሰጥ በሦስት አቅጣጫ ተነሳ፤ ታማሚዋ ብርቱካኑን ይዛ እስኪጨርስ ትጠብቃለች። ስልኮቹን ሰብስቤ ቦርሳዬ ውስጥ ቆለፍኩባቸው። ግማሹ እስካሁን አኩርፎኛል። ያኩርፍ።

ሦስተኛው ቀን የቆሎ ተማሪዎቹን ልብስ ልናጥብ ሄድን። አኩፋዳቸውን አንግበው "በእንተ ስማ ለማርያም" ሲሉ በየቀኑ በራችን ላይ እንሰማቸዋለን። የት እንደሚያድሩ ግን ከ24ታችን ሦስት ሰው ብቻ ነበር የሚያውቀው። ልጆቻችን ሳፋ ዘርግተው ሲያሹ ሲጨምቁ፣ ተማሪዎቹ ዙሪያውን ቁጢጥ ብለው ያያሉ። አንዱ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አልቻለም። "ሳሙናውን ስጡን እንጂ ማጠቡንስ እኛ እንሻላለን" አለ። ተነስቶ ያንን ኩታ ሲወቅጠው ብታዪ! የእኛዎቹ ከጎኑ እንግዳ መሰሉ። ምን እንደሚቸግራቸው ስንጠይቅ የእጅ ባትሪ ነው ያሉን። ማታ ለቀለም፣ ጎህ ሲቀድ ደግሞ ለውሻ። ሁለት ነገር በአንድ ባትሪ። ለጫማ የያዝነውን ገንዘብ ከፍለን ለባትሪ አደረግነው። ኮንጎ ጫማው ለሁሉም አልደረሰም፤ ይሄ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ።

አራተኛው ቀን ቤት ለቤት ነበር። ጧሪ ቀባሪ አጠገባቸው የሌለ አረጋውያንን የሰፈሩ የጽዋ ማኅበር እናቶች አስመዘገቡን። ዝርዝሩ ላይ ሰባተኛ ተራ ቁጥር እንዲህ ይላል፦ "ዓባይ ማዶ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። ልጃቸው ውጭ ናት። ጉልበታቸውን ያማቸዋል።" ስም የለውም። ይሄን ዝርዝር በእጄ ነው የገለበጥኩት። በእጄ! ምንም አልመሰለኝም።

ከአንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጋር ተመደብኩ። በአዲሱ ድልድይ ተሻገርን። አንቺ ስትሄጂ ምሰሶው ብቻ ነበር የቆመው፤ ግንቦት 2016 ተመረቀ። 380 ሜትር ነው። ማታ መብራቱን ለማየት ሰው ከነልጁ ይወጣል። አሮጌው ላይ ቆም ስንል ጠባቂው "ሂዱ፣ ሂዱ" ሲለን ትዝ ይልሻል? አሁን ቆመሽ ዓባይን እስክትጠግቢ ብታዪ ሃይ የሚልሽ የለም። ይሄን ለልጅቷ እየተረኩላት ወፍጮ ቤቱን አለፍን። ታጠፍን። ዘይቱኗን አየኋት።

ያችን ዘይቱን። አንቺ ወድቀሽ ክንድሽ የተሰበረባትን።

እግሬ ተያዘ። ልጅቷ ቀድማ አንኳኳች። "ማነው?" አለች እናትሽ ከውስጥ። ድምጿ ያው ነው። በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ልጅቷን አየች፣ ቀጥላ እኔን፣ ቀጥላ እጄ ላይ ያለውን ወረቀት።

"አንቺም ወረቀት ይዘሽ መጣሽ?" አለችኝ።

ሌላ ምንም አላለችም። ሳመችኝ፤ ሦስቴ፣ አራቴ። እኔ አፌ ተሳስሮ ቀረ። ልጅቷ ምኑን ታውቀዋለች፣ ተቀመጠችና ፎርሟን ዘረጋች። ስም ጠየቀች፣ ዕድሜ ጠየቀች። "እማማ፣ ረዳት አለዎት?" አለች።

"አለኝ እንጂ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። አንዷ ጀርመን ናት። አንዷ ይቻት" ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። ልጅቷ ደነገጠች፤ እኔን አየች። "እና... የት ነው የሚኖሩት?" አለች ወረቀቱን እያየች።

"እዚሁ። በባጃጅ ሃያ ደቂቃ።"

ጓዴ፣ ልጅቷ ጻፈችው። "በባጃጅ 20 ደቂቃ" ብላ ጻፈችው። ፎርሙ አሁንም ቢሮ ፋይል ውስጥ አለ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ደጇን አልረገጥኩም። አንቺን ስላፈርኩ እሷንም ሸሸሁ። ምን እንደሚያገናኘው አትጠይቂኝ፤ እኔም አላውቀው። "ልጅሽ ጻፈችልሽ ወይ?" ብትለኝ ምን እላታለሁ ብዬ ይመስለኛል። እሷ ግን እሱን አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ ቁርስ በልቼ እንደሆነ ነው።

ቤት እናጽዳ አልን፣ አይሆንም። ልብስ እንጠብ አልን፣ አይሆንም። ቡና አፈላች። ጉልበቷን ይዛ ቀስ እያለች ነው የምትነሳው። ልጅቷ ልትነሳ ስትል "ተቀመጭ፣ እንግዳ ነሽ" አለቻት። ከጓሮ ጤና አዳም ቀጥፌ እንዳመጣ ግን እኔን ላከችኝ፤ ልክ እንደ ድሮው፣ ዞር ብላ እንኳን ሳታየኝ። ጓሮ ቆሜ ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ ጤና አዳሙን ይዤ ገባሁ።

ሁለተኛው ቡና ላይ ዝናቡ መጣ። ሐምሌን ታውቂው የለ። ከመኝታ ቤት "ጠብ፣ ጠብ" የሚል ሰማሁ። አልጋዋን ወደ ግድግዳ አስጠግታ መሀል ላይ ሳፋ አስቀምጣለች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ብጠይቃት "ከአምና ክረምት" አለች። አንቺ የምትልኪው ገንዘብ ሳይነካ አለ። ገንዘብ አይደለም የቸገራት፤ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ነው ያጣችው። በማግስቱ "44"ን ይዤ ተመለስኩ። ቀላል ስለሆነ ቆርቆሮው ይችለዋል ብዬ ነው። ቀዳዳውን ደፈነ፤ ሲወርድ ረግጦ ሌላ ቦታ ሚስማር አላቀቀ። ሰው አምጥተን እንደገና አሠራነው። አሁን አያፈስም፤ በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባሽ።

አንድ ሌላ ነገር። አትደውልም፣ አታነሳም ብለሽ ሳትነጫነጪ አትቀሪም። የላክሽላት ስልክ ላይ ኢሞው አፕዴት አድርጊኝ ብሎ ተዘግቶ ነበር። እሷ ደግሞ አንቺ ቁጥር የቀየርሽ መስሏት ነበር። ዘመድ ሲጠይቃት "ሥራ በዝቶባት ነው" ትላለች። ስልኩ በነጠላ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ነው ያገኘነው፤ ባትሪው ሙሉ! በየሳምንቱ ቻርጅ ታደርገዋለች። ያቺ ልጅ አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም፤ አስተካከለችው። ፎቶሽ ብቅ ሲል እናትሽ በነጠላዋ ጫፍ ስክሪኑን ጠረገችው።

የዚያኑ ቀን እንደውልልሽ አልኳት። "አይ፣ ሥራ ላይ ትሆናለች" አለችኝ። ነጠላዋ ያልታጠበ ስለሆነ ነው፤ ገብቶኛል።

ስለ ጉዞው የሚነገር ሌላም አለ። ለሐምሌ አቦ ጾሙን እዚያው አዳራሽ ፈታን፤ እንቁላል በድስት ሙሉ። ዓሣ ለመጨመር ተሟግተን ነበር፤ ጾሙ ካለቀ ወዲያ ምን እንደሚያሟግት እንጃ። ልጆቹ በየወሩ እንቀጥል ብለዋል። አያለሁ። የታንኳው ሰውዬ ጥያቄ ልቤ ውስጥ ስላለ ብዙ ቃል አልገባሁም። እኔ በግሌ ሰባተኛ ተራ ቁጥርን ከዝርዝሩ ሰርዤዋለሁ። ሰረዝኩ ማለት ለሌላ ሰው አልሰጥም ማለቴ ነው።

ደብዳቤው ሲደርስሽ መጀመሪያ ለሚመጣው እሑድ ተዘጋጂ። ከቅዳሴ በኋላ እዚያ ነኝ። በእኛ ከጠዋቱ 5 ሰዓት፣ በእናንተ 4 ሰዓት (በጀርመኖቹ አቆጣጠር 10) ነው፤ እንደውልልሻለን። ነጠላዋን ቅዳሜ አጥብላታለሁ። ተቆጭም፣ ስደቢኝም፣ ብቻ መጀመሪያ እሷን አናግሪያት። ሌላ ደግሞ፣ ጸጉርሽን እንደተቆረጥሽ ፎቶሽ ላይ አይቻለሁ። ለእሷ አልነገርኳትም፤ ሻሽ ነገር ጣል አድርጊበት።

ያንቺው፣
ባለ ሃያ ደቂቃዋ