ለእህትዓለም፣ ከጣና ዳር

ባህር ዳር፣ ነሐሴ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህትዓለም፣ እንዴት ነሽ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እናቴም ደኅና ናት። ባሰበችሽ ቁጥር «ያቺ ልጅ ጠፋች እኮ» ትላለች። የጠፋሁት እኔ መሆኔን አልነገርኳትም።

ሦስት ዓመት ሆነን አይደል? ኔትወርክ አልነበረም ብዬ ላመካኝ አስቤ ነበር። እውነትም እዚህ ለወራት ዳታ ተቋርጦ ነበር፣ ሰምተሽ ይሆናል። ግን እኔ የጠፋሁት እሱ ከመጥፋቱ በፊት ነው። ቤልጅየም፣ ጌንት የገባሽ ሰሞን «እንኳን ደስ ያለሽ!» ብዬ ከአበባ ጋር የላክሁልሽን መልእክት ታስታውሻለሽ? የጻፍኩት የኔ ማመልከቻ ውድቅ መሆኑን በሰማሁ ማግስት ነው። አብረን ሞላን፣ አንቺ አለፍሽ፣ እኔ ወደቅሁ። ቀናሁ። ሌላ ስም ብፈልግለት አላገኘሁም። ከዚያ ስልክ ስትደውዪ ዝም፣ ስትጽፊ ዝም። ዝምታ ደግሞ ሲቆይ እያፈርሽበት ትሄጃለሽ፣ እያፈርሽ ደግሞ ይብሱን ይረዝማል።

አሁን ምን ተገኝቶ ጻፍሽ ትይኛለሽ። ቪዛዬ መጣ! ሆላንድ፣ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ልገባ ነው። እነሱ እንደዚያ ይሉታል፤ እኛ መሥሪያ ቤት ዋጌኒንገን ነው የምንለው። ትምህርቱ ሁለት ዓመት ነው፣ የዓሣ እርባታና የባሕር ሀብት አያያዝ። አጎቴ «ባሕር የሌለን ሰዎች ባሕር ተምረሽ ምን ልትሠሪ?» አለኝ። ባህር ዳር እየኖሩ እንዲህ ይጠይቃሉ።

ትናንት ጠዋት ዓሣ ወደሚወርድበት ዳርቻ ሄጄ ነበር። ፍልሰታ ስለሆነ ግርግር ነው። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር ዘንድሮም አላለቀም፣ ገበያው ግን አልጠበቀውም። ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሥጋ በሁለት ቢላ ምት ገፍፈው ጭንቅላቱን ለወፎቹ ይወረውራሉ። «አምስት ጭንቅላት ስጡኝ» ስላቸው ሳቁብኝ።

«ለድመት ነው?»

«ለትምህርት ነው።»

ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አንዱን የራስ ቅል በምላጭ ከፈትኩት። ከአንጎሉ ሥር ያቺ የጆሮ ድንጋይ አለች። ነጭ ናት፣ ከምስር ፍሬ አትበልጥም። በውሃ አጥቤ መዳፌ ላይ አስቀመጥኳት። አንዱ ልጅ ቢላውን እንደያዘ ጠጋ ብሎ «ምንድን ናት?» አለኝ። ዕድሜው እዚህ ላይ ተጽፏል አልኩት። «ስንት ዓመቱ ነው ታዲያ?» አለ። ዝም አልኩ። አላውቀውማ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓሣ የጆሮ ድንጋይ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ያወጣል። ብርዱ ከብዶ ዕድገት በሚቆምበት አገር ቀለበቱ በዓመት አንድ ነው፣ መቁጠር ብቻ ነው። ጣና ላይ እንደዚያ ያለ ብርድ የለም። ቀለበቱ የዝናብ ይሁን፣ የርቢ ይሁን፣ የረሃብ ይሁን መለየት ያዳግታል። ዕድሜውን ካላወቅሽ ደግሞ በስንት ዓመቱ እንቁላል እንደሚጥል አታውቂም። እሱን ካላወቅሽ የመረቡ ዓይን ስንት ይሁን ብትባዪ ግምት ነው የምትናገሪው። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ግምት ስናገር ኖሬአለሁ። መሄድ የፈለግሁት ለዚች መዳፌ ላይ ላለችው ነገር ነው ብልሽ አጋነንሽ አትበይኝ።

ሆላንድ መሆኑ ራሱ ይገርመኛል። የናይሎን መረብና ሞተር ጀልባ ጣና ላይ የገባው እ.ኤ.አ. በ1986 በሆላንዶች ርዳታ ነው። ያን ጊዜ ዓሣ አጥማጁ በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ነበር የሚያጠምደው፣ ርዳታውም ለበጎ ነበር። ነጭ ዓሣውን ዘር በዘር ለይተው የጻፉትም የዋኽኒንገን ሰዎች ናቸው። እኛ ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው 17 ዝርያ ኖሯል፣ 15ቱ ደግሞ ከጣና በቀር የትም የሉም። ታዲያ በአሥር ዓመት ውስጥ በባህር ዳር በኩል ሦስት አራተኛው ያህል መቀነሱን የጻፉት እነሱው ናቸው። መረቡን ያመጣው አገር፣ ጉድለቱን የቆጠረው አገር፣ አሁን ደግሞ እኔን የሚያስተምረው አገር አንድ ሆነ። ቂም የለኝም፣ ግን አንድ ቀን ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ ይህን መናገሬ አይቀርም።

አሁን ይህን ስጽፍልሽ ነጭ ዓሣው ከሐይቁ ወጥቶ በደፈረሰው ውሃ ወደ ጉማራ ወንዝ እየወጣ ነው፣ ጠጠር ላይ እንቁላሉን ሊጥል። የወንዙ አፍ ላይ መረብ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። የዓሣ አዋጁ ከወጣ፣ 315/1995 ማለቴ ነው፣ ከ20 ዓመት በላይ ሆነው። መረብ አዋጅ አያነብ። አጥማጁንም አልፈርድበትም፤ ልጆቹ ነሐሴንም ይበላሉ።

የፈረድኩት አንቺ ላይ ነው። ተመርቀን ጋዋናችንን እንደለበስን አባይ ከጣና የሚወጣበት ጋ ሄደን የማልነውን አልረሳሁም። «የትም እንማር፣ እንመለሳለን።» አንቺ እዚያው ሥራ ስትይዢ «እሷማ ከዳች» ብዬ አወራሁ። ለሁለት ሰው ብቻ ነው፣ ግን አወራሁ። ይቅር በይኝ። ፓስፖርቱ እጄ ላይ ገብቶ ገና እግሬ ሳይነቃነቅ ልቤ ማወላወል ጀምሯል። የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ሳይቀር «ከሄድሽ በዚያው ቅሪ» ይለኛል። አንድ ቀን እቆጣለሁ፣ አንድ ቀን ደግሞ እውነቱን ይሆን እላለሁ።

ስለዚህ ዘንድሮ መሐላ የለም። ዕቅዴ ትንሽ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ የሚሆነኝን ዳታ የመጪው ዓመት ሐምሌና ነሐሴ ጉማራ ላይ ልሰብስብ ብዬ ማመልከቻዬ ላይ ጽፌአለሁ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ለዚያ ክረምት እመጣለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ያኔ እናያለን።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። አስተማሪን በስሙ ጥሪ ይላሉ አሉ፣ እውነት ነው? ምላሴ የሚታሰር ይመስለኛል። ውጤቱ ደግሞ ከአሥር ነው፣ ስድስት ማለፊያ፣ ዘጠኝ ብርቅ። ፔዳ ግቢ ተማሪ ሳለን ለቢ ፕላስ ያለቀስን ልጆች በሰባት እንዴት እንተኛለን? ብስክሌቱን ግን አልፈራም፣ የባህር ዳር ልጅ አይደለሁ!

እናቴ ቅቤ እያነጠረች ነው። ጾም ስለሆነ ሳትቀምስ፣ በማሽተት ብቻ። ኮረሪማውና ኮሰረቱ ግቢውን አውዶታል። እማዬ ቅቤ አውሮፓ አይገባም፣ ሥጋና የወተት ነገር ክልክል ነው ብላት «ቅቤ የማይገባበት አገር ምን አገር ነው?» አለችኝ። ዓሣ ግን እስከ 20 ኪሎ ይፈቀዳል ስላት ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ያሾፍኩባት መሰላት። ሌሊት ሌሊት እየተነሳሁ ሻንጣዬን እፈትሻለሁ፣ ደብቃ እንዳትከተው።

ነሐሴ 18 ሌሊት ነው የምበረው። ጃኬት ከዚህ ልግዛ ወይስ እዚያ ይሻላል? ጌንትና ዋኽኒንገን በባቡር የግማሽ ቀን መንገድ አይሞላም አሉኝ። ቁጥርሽ ካልተለወጠ እደውላለሁ። ከተለወጠም እህትሽን ሽምብጥ ሰፈር ድረስ ሄጄ እጠይቃታለሁ። ሽሮና በርበሬ የአንቺን ለብቻ አስፈጭቻለሁ፣ ሁለት ሁለት ኪሎ። ካልመለስሽልኝ ብቻዬን ነው የምጨርሰው።

ያንቺው፣
የላይኛው አልጋ ልጅ