ወረዳው የያዘውን የኪራይ ዋጋ ለእኛም ያሳየን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከአዲስ አበባ፣ አያት ሰፈር ነው፣ ስለ ኪራይ ቤት። ኪራይ ተወደደ ልላችሁ አይደለም፣ እሱን ሁሉም ያውቀዋል።

ከባለቤቴ ጋር ቤት ፍለጋ ከወጣን ሁለት ወር አለፈን። አሁን ያለነው ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ሁለተኛ ልጅ ወለድን፣ እናቴም ታማ ከገጠር መጥታ አብራን ሆነች፣ አምስት ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ እንዴት ይሆናል? ባለ አንድ መኝታ እንፈልግ ተባባልን። ሰሚት ላይ አንዱ ደላላ አንድ ዋጋ ነገረን። በማግስቱ ሌላው ደላላ እዚያው ብሎክ ላይ፣ ያውም ውሃ በሳምንት አንዴ እንኳን በማይደርስበት አራተኛ ፎቅ፣ አራት ሺህ ብር ጨምሮ ጠራልን። ለምን ስንለው «ገበያው ነው» አለን። ሌላም ቦታ ያው መልስ ነው። ከዋጋው በፊት ደግሞ «ልጅ አላችሁ?» ይባላል፣ ሁለት ስንል ፊት ይጠቁራል።

በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ለተከራይ ትልቅ ነገር አድርጓል። ይሄን ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው። ውል ከሁለት ዓመት አያንስም። አከራይ ብድግ ብሎ ዋጋ አይጨምርም። ቅድሚያ ከሁለት ወር በላይ አይጠየቅም። ከዚያ በፊት እኔ በየስድስት ወሩ «ወይ ጨምር ወይ ልቀቅ» እየተባልኩ ነው የኖርኩት፣ አዋጁ ከመጣ ወዲህ ግን ተረጋግቼ ተቀምጫለሁ። ተቀምጬ ሳለሁ ነው ታዲያ። ልቀይር ብዬ ስነሳ እጄ ላይ ምንም የለም። አዲስ የሚጋባ፣ ሥራ አግኝቶ ከክፍለ አገር የሚመጣ፣ ሰፈሩ ፈርሶበት የተነሳ ሰው ሁሉ ደላላው የጠራለትን ዋጋ ከመስማት ሌላ መንገድ የለውም።

አሁን የምጠይቀው ነገር ቀላል ነው። በአዋጁ መሠረት ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። አከራይና ተከራይ ተያይዘን ወረዳ እንሄዳለን፣ ውሉ ላይ ቤቱ የት እንዳለ፣ ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ፣ በወር ስንት እንደሚከፈልበት ሰፍሯል። እንግዲህ አስቡት፣ አገራችን ሕዝብና ቤት ከቆጠረች 1999 የመጨረሻው ነው፣ ያኔ የእኛ ኮንዶሚኒየም ገና አልተሠራም። በየሰፈሩ ስንት ቤት በስንት እንደሚከራይ የሚያሳይ ከእነዚህ ውሎች የተሻለ መረጃ ከየት ይመጣል? ስም አይውጣ፣ የቤት ቁጥርም አይጻፍ። ሰሚት ስቱዲዮ በአማካይ ይሄን ያህል፣ አያት ባለ አንድ መኝታ ይሄን ያህል፣ ግቢ ውስጥ ያለ ሰርቪስ ቤት ይሄን ያህል ብሎ በየሦስት ወሩ መለጠፍ ነው።

አንድ ችግር እንዳለ አውቃለሁ። አሥራ አምስት ሺህ እየተከፈለ ስምንት ሺህ የሚጻፍበት ውል አለ። የኪራይ ገቢ ግብር እስከ 35 በመቶ ስለሚደርስ አከራይ ዝቅ አድርጎ ማስጻፍ ይፈልጋል፣ ተከራዩም ቤቱ እንዳያመልጠው ይፈርማል። እኔም አንድ ቦታ እንዲህ ካልፈረምክ ተብዬ ትቼ ወጥቻለሁ። ነገር ግን የተመዘገበው ዋጋ በአደባባይ ሲለጠፍ፣ ከሚከፈለው ጋር ያለው ልዩነትም አብሮ ይታያል። ዝም ብሎ ፋይል ውስጥ ሲቀመጥ ነው ማንም የማያየው።

ይሄ አከራይን ለመጉዳት የመጣ ሐሳብ እንዳይመስላችሁ። ጎረቤታችን ያሉ እማማ ባላቸው ሞቶ የሚተዳደሩት ከሁለት ሰርቪስ ቤት ነው። ደላላ «ከዚህ በላይ አያወጣም» ብሏቸው በርካሽ አከራዩ፣ አሁን እንደሌላው በፈለግሁት ልክ ልጨምር ቢሉ አዋጁ አይፈቅድላቸውም። ከሚፈቀደው ጭማሪ በላይ ከዚያ ዋጋ አይወጡም ማለት ነው፣ የደላላው ድርሻ ግን ያኔውኑ ተከፍሎታል። ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው የባንክ ዕዳቸውን በኪራዩ የሚከፍሉ ሰዎችም ትክክለኛውን ዋጋ ማወቅ ይጠቅማቸዋል።

ሌላው፣ ለከተማ አስተዳደሩም ቢሆን ይሄ መረጃ ምን ዓይነት ቤት እንደጎደለ ይነግረዋል። እኔ በ2005 ለ40/60 የቤት ቁጠባ ፕሮግራም የተመዘገብኩ ነኝ፣ እስከ ዛሬ እየቆጠብኩ ነው። ምን ያህል ሰው እንደ እኔ ስቱዲዮ ውስጥ አምስት ሆኖ እንደሚያድር ሳይታወቅ ቀጣዩ ቤት በምን ልክ ነው የሚሠራው?

እናንተን የምለምነው ጋዜጠኛ ልካችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ እንድትጠይቁልን ነው፦ እስካሁን የተመዘገቡት ውሎች ተደምረው ያውቃሉ ወይ? እኔ ወረዳ ሄጄ ጠይቄ ነበር። «እኛ መመዝገብ ነው ሥራችን» ተባልኩ። በሩ ላይ ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ግን ለአንድ ወረቀት የሚሆን ቦታ አይቻለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ተከራይ ከአያት