መሳቢያ ውስጥ የቀረው ደብተር

ይድረስ ለጥበብ አምድ አዘጋጅ፣

ስለ ውጭ ደራስያን ስትጽፉ ሁሌም ልቦለዳቸውን ብቻ ነው የምታነሱት። አንዳንዱ ሰው እኮ ዋና ሥራው መሳቢያ ውስጥ የቀረው ደብተር ነው! ፈረንሳዊውን ዡል ረናርን ማለቴ ነው።

በዘመኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1894 ባወጣው «ፑዋል ደ ካሮት» ነው፤ እናቱ የምታሠቃየው ባለ ቀይ ጸጉር ልጅ ታሪክ፣ ልጁም ራሱ ረናር ነው ማለት ይቻላል። እኔ ግን የምመላለሰው ከ1887 እስከ ሞተበት 1910 ድረስ ወደጻፈው የዕለት ማስታወሻ ነው። የታተመው ከሞተ 15 ዓመት ቆይቶ ነው። ያውም ሙሉው አይደለም፣ ባለቤቱ ደስ ያላላትን እየቆረጠች አስወጥታዋለች። ይሄ እስካሁን ያናድደኛል።

ምኑ ነው እንዲህ የሚይዘው? ሰው ሲያማ ራሱን አይዘልም። የፓሪስ ጸሐፊዎችን በአንድ መስመር ይቦጭቃቸዋል፣ ዞር ብሎ ደግሞ ጓደኛው ሲሳካለት እሱን ቅናት እንዴት እንደሚያንገበግበው ሳይሸፋፍን ያወጣዋል። ከዚያ ከንቲባ ወደሆነባት ትንሽ የገጠር መንደር ወደ ሺትሪ ተመልሶ ስለ ላምና ስለ ዛፍ ይጽፋል። አባቱ በ1897 በአደን ጠመንጃ ራሱን አጠፋ። እናቱ በ1909 የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ሞተች፤ ወድቃ ይሁን ሆን ብላ አልታወቀም። ሁለቱንም ጽፏቸዋል፣ ሙሾ ሳያወርድ።

እኔም ዲያሪ ሞክሬ ነበር፣ ሦስት ወር ያህል። በኋላ ሳነበው ጉድ ነው። ደግ ልጅ፣ የተበደለ ልጅ፣ ሁሌ ትክክል የሆነ ልጅ! ለካ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ለሚገባ ደብተር እንኳ ሰው ምን ይለኛል እያልኩ ነበር የጻፍኩት።

የረናር የመጨረሻ ጽሑፍ ኤፕሪል 6 ቀን 1910 የተጻፈ ነው። ታሟል። ሌሊት ሊነሳ ፈልጎ ሰውነቱ ከብዶታል፣ አንድ እግሩ ከአልጋው ወጥቶ ተንጠልጥሏል። እርጥብ ነገር እግሩን ይዞ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ተረከዙ ጋ ካልደረሰ ለመነሳት እንደማይቆርጥለት ይጽፋል። አንሶላው ላይ ይደርቃል፣ ያኔ ያ ባለ ቀይ ጸጉር ልጅ ሳለ እንደሚደርቀው። እዚህ ላይ ያቆማል። ከወር ተኩል በኋላ በ46 ዓመቱ ሞተ።

ጥቂት መስመር ናት። ፈረንሳይኛ የሚችል ሰው አታጡምና አስተርጉማችሁ አምዳችሁ ላይ አውጧት።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ